ጢሞቴዎስ ያልሠራው ጌም

ቀጨኔ ተወልዶ ቀጨኔ ያደገው ጢሞቴዎስ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ በአንድ መድኃኒት ቤትና በአንድ ጁስ ቤት መካከል በተሸጎጠች ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ሲቪ ይጽፋል። ዝምተኛ ነው። አስታማሚ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርግ ሲመጣ ወንበሩን ይለቃል፣ ከማንም ጋር ጠብ የለውም። ሚስት የለውም፣ መኪና የለውም፣ ዲግሪም የለውም። ይህን የመጨረሻውን እናቱ ብቻ ሳትሆን ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል።

እንዴት አወቀ ቢባል፣ ደሳለች ስላስጸለየችበት ነው። እናቱ ደሳለች ከሱሉልታ ወርዳ ጉለሌ የከተመች፣ ባሏን በጊዜ ያጣች፣ ሽሮ ሜዳ በሰው ሱቅ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ የጸሎት ሴት ናት። ረቡዕ ረቡዕ በሴቶች ጸሎት ላይ የጸሎት ርዕስ ይሰበሰባል፤ አንዷ ለባሏ ደም ግፊት፣ አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዷ ለቤት ኪራይ ታስጸልያለች። የደሳለች ርዕስ ግን ተቀይሮ አያውቅም፤ «ልጄን ከጌም እስራት ጌታ ይፍታልኝ» ነው። እህቶች ጸልየዋል፣ ጾመዋል፣ አንዳንዶቹም አልቅሰዋል። ስለዚህ ጢሞቴዎስ እሑድ ጠዋት ወደ አዳራሹ ሲገባ ሴቶቹ የሚያዩት ከሕክምና እንደ ተመለሰ በሽተኛ ነው። «እንዴት ነህ ልጄ፣ ለውጥ አለ?» ብላ የምትጠይቀውም አለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ደሳለች ያንን ርዕስ ከሜዳ አላመጣችውም። ጢሞቴዎስ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ከሰፈሩ ቁልቁለት ሥር አንድ ጌም ቤት ነበር። ሌሎቹ ልጆች ለኳስና ለተኩስ ሲጋፉ እሱ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ማንም የማይፈልጋትን አሮጌ ኮምፒውተር ይይዛል። እሷ ላይ የነበረውን ጌም የውጭ ስሙ ለአፍ ስለማይመች ልጆቹ «አውቶቡሱ» ነበር የሚሉት። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ከተማ ይሰጥሃል፤ መንገድ ትቀይሳለህ፣ ፌርማታ ትተክላለህ፣ አውቶቡስ ትገዛለህ፣ ሰው ታመላልሳለህ። ከዘገየህ ሰዉ ይማረራል፣ ካልዘገየህ ከተማው ያድጋል። ተኩስ የለ፣ ጎል የለ። ጠዋትና ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆም የጉለሌ ልጅ፣ አውቶቡስ በሰዓቱ የሚመጣበትን ከተማ በጣቱ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ለደሳለች ማስረዳት አይቻልም። አባዜው ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከተለው። በጓደኛው ላፕቶፕ አውቶቡስ ሲያሰማራ ክፍል ቀረ፣ ፈተና አመለጠው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሻንጣውን ይዞ ቀጨኔ ገባ። «ልጄን ጌም በላው» አለች ደሳለች። ውሸቷን አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ አውቶቡሱ ራሱ አረጀ። የሠራው ድርጅት ትቶታል፣ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አይከፍቱትም፤ ቢከፍቱትም ካርታው ጠባብ ነው፣ መኪና ሲበዛበት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይቆማል። በየሀገሩ ግን እንደ ጢሞቴዎስ በእሱ ያደጉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ከሥራ በተረፈ ጊዜያቸው ጌሙን ከመሠረቱ እንደ አዲስ ጻፉት። የጠበበውን ካርታ አሰፉት፣ የሚቆላለፈውን አውቶቡስ ተራ መጠበቅ አስተማሩት፣ ባቡር ጨመሩበት። ከዚያም ከነኮዱ ለሰው ሁሉ በነፃ ለቀቁት፤ ማየት የፈለገ ይይ፣ ስሕተት ያገኘ ያርም ብለው። እንዲህ ያለ ደግነት መጀመሪያ ላይ ያስጠረጥራል። ጢሞቴዎስም «ነገሩ ምን ቢኖርበት ነው» ብሎ ነበር። ምንም አልነበረበትም።

ጌሙን ኢንተርኔት ላይ ሲያገኘው እንደ ጠፋ ዘመድ ተቀበለው። ትንሽ ቆይቶ ስንትና ስንት ቋንቋ ሲናገር አማርኛ እንደማይናገር አየና «እኔ ልተርጉመው» ብሎ ጻፈላቸው። ደንበኛ ሲጠፋና መብራት ሲኖር፣ ክረምቱን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ተረጎመ። ደረቅ የቢሮ አማርኛ አልጻፈም። ተሳፋሪ የሚያወርደውን ቁልፍ «ወራጅ አለ» አለው። ፌርማታው ሲጨናነቅ ብቅ የሚለውን ማስጠንቀቂያ «ተራ ይከበር» አለው። የታክሲ ረዳት ቢያነበው ሥራ ቦታው ያለ ይመስለዋል።

ችግር የመጣው ከፊደሉ ነው። የጌሙ መስኮቶች ትንንሽ ስለሆኑ የእኛ ፊደል እዚያ ሲገባ ወይ ባዶ ሳጥን ይሆናል፣ ወይ ተጨፍልቆ አይነበብም። ያኔ ማርቲን የሚባል፣ ስሎቫኪያ የሚኖር የጥርስ ሐኪም፣ አማርኛ ከቀኝ ይጀመር ከግራ የማያውቅ ሰው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ በነጠብጣብ ልሣለው ብሎ ተነሣ። «የዚህኛው እግር የሚያጥረው የቱ ነው፣ ቀኙ ነው ግራው?» ብሎ ይጽፋል። ጢሞቴዎስ በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶ ይልክለታል። ሰውየው አስተካክሎ ይመልሳል፣ ይሄ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ሲሉት ሳይሰለች እንደገና ይሥላል። ከሀ እስከ ፐ እንዲህ ዘለቁ። በመልክ አይተዋወቁም። ጢሞቴዎስ ግን ከእናቱ በቀር ለእሱ ብሎ እንደዚያ የደከመ ሰው መኖሩን አያስታውስም።

የአማርኛው ትርጉም የወጣ ዕለት ደሳለች ምሳውን ይዛለት ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ መጣች። ስክሪኑ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ስታይ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብበትን መነጽር ከቦርሳዋ አውጥታ ተጠጋች።

«ይሄ ያ ጌም አይደል? አማርኛ ሆነ እንዴ?»

«ዛሬ ነው የወጣው፣ እማዬ።»

«ስምህ አለበት እኮ። አንተ ነህ የሠራኸው?»

ሱቁ ውስጥ ኮፒ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ነርስ ቀና ብላ አየችው። የእናቱ ፊት ደግሞ እንዲያ በርቶ አይቶት አያውቅም።

«አዎ፣» አለ።

«ጌሙን? ይሄንን ሁሉ?»

«አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታ ግን ሳያስቡት የሚመጣ ነገር ነው፤ እሷ ሁለቴ ጠየቀችው፣ እሱ ሁለቴ መለሰላት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል እውነቱን ለመናገር ሰፊ ጊዜ ነበረው። ነርሷ ኮፒዋን ተቀብላ ስትወጣ «ጎበዝ ነህ» አለችው።

ጉዳዩ እዚያችው ሱቅ ውስጥ ይቀራል ብሎ ራሱን አጽናና። የእናቱን ቤተ ክርስቲያን የረሳ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። እዚያ ቤት የጸሎት ርዕስ ያስያዘ ሰው መልስ ሲያገኝ ቆሞ መመስከር አለበት፤ ካልመሰከረ የጸለዩለትን ሰዎች ቀምቷቸዋል ማለት ነው። እሑድ ፕሮግራም መሪው ሌሊሳ «ምስክርነት ያለው» ሲል የመጀመሪያዋ እጅ የደሳለች ነበረች።

«ጌታ ይባረክ፣» አለች ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ። «ለልጄ የጸለያችሁ እህቶች እዚህ አላችሁ። ስንት ዓመት እንዳለቀስኩ ታውቃላችሁ። እኔ ጌም በላው አልኩ፤ ጌታ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ልጄን ያሰረውን ጌም ልጄ ራሱ ሠራው። በራሱ እጅ። አውሮፓ ድረስ ሰው እየተጫወተበት ነው። በአማርኛ። ስሙ ተጽፎበት በዓይኔ አየሁት።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የረቡዕ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ጸሎታቸው ነው የተመለሰው፣ ማልቀስ ይገባቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ቶሎሳ ጢሞቴዎስን ከኋላ ወንበር አስነሥተው ወደ መድረክ አስጠሩትና እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ጸለዩለት። የሽማግሌው መዳፍ ከባድና ሞቃት ነበር። ጢሞቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ተመኘ። ያፈረው በጌታ ፊት ብቻ አልነበረም። ማርቲን የሚባለው ሰው ከበሽተኞቹ በተረፈ ጊዜው የሣላቸው ፊደሎች አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ይመጡ ነበር። በሰው ወርቅ አይደምቁም ሲባል ሰምቶ ያውቃል፤ ይሄ ደግሞ ሰውየው በነፃ የሰጠው ወርቅ ነበር። በነፃ የተሰጠን ነገር መስረቅ ምን ዓይነት ሌብነት እንደሆነ እንጃ።

ከዚያች እሑድ በኋላ የደሳለች አረማመድ ተለወጠ። በፊት አዳራሽ ስትገባ ግድግዳ ግድግዳውን የምትሄደው ሴት በመካከል መግባት ጀመረች። የሴቶች ጸሎት ላይ ሌሎች እናቶች ለልጆቻቸው እንድትጸልይላቸው ይጠይቋታል። ሽሮ ሜዳ ጋቢ ለመግዛት የመጣ ደንበኛ እንኳ የልጇን ሥራ ሳይሰማ አይወጣም። ጢሞቴዎስ ይህን ሁሉ እያየ «ዛሬ እነግራታለሁ» ይላል፣ ቀና ያለ አንገቷን ሲያይ ይተወዋል። ለራሱ ቢሆን ውርደቱን ለምዶታል። አሁን እውነቱ ከወጣ የምትዋረደው እሷ ናት፤ ለስንት ዓመት ካዘኑላት ሴቶች ፊት፣ በሐሰት የመሰከረች ተብላ።

ቤተ ክርስቲያኑም ዝም አላለም። «እንዲህ ያለ አእምሮ ኋላ ወንበር ላይ አይባክንም» ተባለና የድምፅ አገልግሎት ተሰጠው። አዳራሹ ጥግ ካለው ሚክሰር ኋላ ተቀምጦ የማይኩን፣ የጊታሩን፣ የኪቦርዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሥራውን ወደደው። ይህም ሌላ ኀፍረት ሆነበት፤ በውሸት የተገኘ ወንበር መሆኑን እያወቀ ወደደው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀሌሉያ ሱቁ መጣች። ሀሌሉያ ኳየር ውስጥ የምታገለግል፣ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር የምትማር ልጅ ናት። የሚታተም ወረቀት አልያዘችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች።

«ጌሙን አወረድኩት፣» አለች። «ደስ ይላል። ወራጅ አለ የሚለው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ።»

«አመሰግናለሁ፣» አለ፣ ያልተበላሸ ኪቦርድ እየፈታ።

«ከዚያ የሠሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር አየሁ። ብዙ ናቸው። ስምህን ተርጓሚዎቹ ጋ አገኘሁት።»

ጢሞቴዎስ ብሎኑን ጣለው። ጎንበስ ብሎ ፈለገው፤ ባያገኘው ደስ ባለው ነበር።

«ከማርቲን ጋር የተጻጻፋችሁትንም አነበብኩ፣» አለች። «ሁሉም ክፍት ነው እኮ፣ ማንም ያየዋል።»

«ለእማዬ ነገርሻት?»

«ምን አገባኝ ብዬ? አልነገርኩም።» ተነሥታ ቦርሳዋን አነገተች። «ግን ጢሞ፣ ትርጉሙ በራሱ ቆንጆ ሥራ ነው። ለምን አልበቃህም?»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ለምን እንዳልበቃው እሱም አያውቅም። ሀሌሉያ ከሄደች በኋላ ጌሙን ከፍቶ ከተማውን አየ፤ አውቶቡሶቹ ተራቸውን ጠብቀው ይሄዳሉ፣ ፌርማታው ላይ በማርቲን ፊደል «ተሳፋሪዎች ደስተኞች ናቸው» ይላል። ዘጋው።

በሚቀጥለው እሑድ ቆርጦ ተነሣ። ሚክሰሩን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ፣ ምስክርነት ሲባል እጁን አወጣ። ሌሊሳ ማይኩን ሲያቀብለው ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በልቡ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

«እ... ማለቴ፣ ስለዚያ ጌም ነው። እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣» አለ።

«አሜን፣» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

እዚህ ላይ የቤቱን ልማድ ለማያውቅ መንገር ግድ ነው። በዚያ መድረክ የወጣ ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ይላል። መካን ተብላ የወለደችው፣ ቤት የሠራው፣ ተመርቆ ጋዋኑን ለብሶ የመጣው፣ ሁሉም «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ካላለ ትዕቢተኛ ይባላል። ስለዚህ ጢሞቴዎስ ኃጢአቱን ሲናገር ምዕመኑ የሰማው ጨዋነቱን ነው።

«የምሬን ነው፣» አለ። «ሌሎች ሰዎች ናቸው የሠሩት። ብዙ ሰዎች። እኔ ቃሉን ወደ አማርኛ...»

ጋሽ ቶሎሳ ከፊት ወንበር ተነሡ። «አያችሁ?» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ክብሩን ለሌላ ሲሰጥ አያችሁት? ወጣቶች፣ ትሕትና ከዚህ ልጅ ተማሩ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሌሊሳ እየሳቀ ማይኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አንዴ አፍሮ ወጥቷልና፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መቀጠል ነበረበት። «ዋሽቻችኋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ለዚያች ቃል አሜን የሚል አይገኝም። ጢሞቴዎስ ግን ጭብጨባው ሲያልቅ «ተባረኩ» ብሎ ወረደ። ሲወርድ እናቱን አያት። ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። አላጨበጨበችም።

ከአገልግሎት በኋላ የቀጨኔን ዳገት አብረው ወጡ። ሌላ ጊዜ በየደጁ ሰላምታ ታበዛለች፤ ያን ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ሄደች። የቤታቸው ቅያስ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ዛሬ ያልከው እውነት ነው?»

«የቱ፣ እማዬ?»

«አታድክመኝ። አልሠራሁም ያልከው።»

«እውነት ነው። ተረጎምኩት እንጂ አልሠራሁትም።»

«ስጠይቅህ አዎ አልከኝ። ደግሜ ጠየቅሁህ።»

«ደስ ብሎሽ ስላየሁ ነው።»

ደሳለች የበሩን ቁልፍ ከጉያዋ አወጣች፣ ግን አልከፈተችም። «ተረጎምኩት ብትለኝስ እልል አልል ነበር?» አለች። «እኔ መች ልዩነቱን አውቄ። ልጄ አንድ ነገር ጀምሮ ጨረሰ፣ ለእኔ ይሄ አይበቃኝም ነበር?»

ጢሞቴዎስ ለዚህች ሴት አንሶ ሊታያት ፈርቶ ነበር የዋሸው፤ እሷ ግን ከመጀመሪያውም የለመነችው ትንሽ ነገር ነበር።

«በሚቀጥለው እሑድ እነግራቸዋለሁ፣» አለ።

«ነገርካቸው እኮ። አሜን አሉህ።» በሩን ከፈተች። «በጌታ ፊት በሐሰት የመሰከርኩት እኔ ነኝ።»

ሳምንቱን አልተጣሉም። ቢጣሉ በቀለለው። ራቱን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ ረቡዕ ለሴቶች ጸሎት ሳትሄድ ቀረች። ጢሞቴዎስ ጋሽ ቶሎሳን ለብቻቸው አግኝቶ ሊነግራቸው አስቦ ሳለ፣ ሐሙስ ሽሮ ሜዳ የታክሲ ተራ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሽማግሌው በንግግር ቀደሙት።

«የኔ ልጅ፣ ያንተን ምስክርነት ለወንድሜ ልጆች ነገርኩ፤ እነሱም ኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚሉ ናቸው፣» አሉት እጁን ሳይለቁ።

«እሺ ጋሼ፣ ይባረኩ፣» አለ። የእሳቸው ታክሲ ሞልቶ ሲሄድ እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ። በመንገድ ላይ፣ ማይክ በሌለበት፣ በአንድ ሽማግሌ ፊት እንኳ እውነቱን መናገር አልቻለም። ራሱን ናቀ።

እሑድ ደረሰ። ሚክሰሩ ኋላ ተቀምጦ መዝሙሩን አስተካከለ፤ ሀሌሉያና ኳየሩ ዘምረው ተቀመጡ። ሌሊሳ «ምስክርነት» ሲል የእናቱ እጅ ከፊት ረድፍ ቀስ ብላ ወጣች። አዳራሹ ገና ከአሁኑ ፈገግ አለ፤ የደሳለችን አፍ ለምደውታል።

ማይኩን ተቀብላ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ወገኖቼ፣» አለች፣ «ባለፈው እዚህ ቆሜ የመሰከርኩላችሁ ነገር...»

ጢሞቴዎስ ምን ልትል እንደሆነ ገባው። ሊነሣ አሰበ። እጁ ግን ሚክሰሩ ላይ ነበረችና የማይኩን ማንሻ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። የእናቱ ድምፅ ከስፒከሩ ጠፋ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፊት ያሉት ይሰማሉ፣ ኋላ ያሉት «አይሰማም» ይላሉ። ደሳለች ማይኩን አየችው፣ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ በሰዉ ሁሉ ራስ ላይ አሻግራ ወደ ሚክሰሩ አየች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ማይኩን ዝቅ አድርጋ ያዘችና፣ ሽሮ ሜዳ ከሱቅ ሱቅ በምትጣራበት ድምፅ ንግግሯን ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ባለፈው የመሰከርኩት እውነት አይደለም። ልጄ ጌሙን አልሠራውም። ሳላጣራ በጌታ ቤት መሰከርኩ። እናንተንም አስለቀስኩ። ይቅር በሉኝ።»

አሜን የሚል ጠፋ። ሌሊሳ ግን ገና ስለ ማይኩ ተጨንቆ በወንበሮቹ መካከል እየሮጠ ሚክሰሩ ጋ ደረሰ። «ጢሞ፣ ምን ሆነ? ገመዱ ነው?»

ገመዱ ነው ማለት ይቻል ነበር። በየሳምንቱ ገመዱ ነው የሚባለው። ፊት ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩታል፣ የረቡዕ ሴቶችም፣ ጋሽ ቶሎሳም።

«ገመዱ አይደለም፣» አለ ጢሞቴዎስ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ለምን?»

«እንዳትሰሟት።»

ሌሊሳ እጁን በጢሞቴዎስ ትከሻ ላይ አሻግሮ ማንሻውን ራሱ ከፍ አደረገው። ጢሞቴዎስ ተነሣ። ከጥጉ እስከ መድረኩ ድረስ ሰው እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀለት፣ ትከሻውን የመታ ግን አልነበረም። እናቱ አጠገብ ደርሶ ማይኩን እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ። ደሳለች እጁን አየች። ማይኩን ወደ ደረቷ ሳበችው፤ ድምፁ ተመልሶ ነበርና የተናገረችውን አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

«አንተም ያለ ማይክ ተናገር፣» አለችው።